ጨጓራቸው ወጥቷል፤ ምን እናብላቸው? ዝምታቸውስ?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ከአሥር ሳምንት በፊት በካንሰር ምክንያት ጨጓራቸው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት 66 ኪሎ ነበሩ፤ አሁን 56 ናቸው። ቁስሉ ድኗል። ግን በበሉ ቁጥር ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ልባቸው ይመታል፣ ሆዳቸውን ይቆርጣቸውና ተቅማጥ ይከተላል። አንዳንዴ ደግሞ ከበሉ ሁለት ሰዓት ቆይቶ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እናቴ አቅም እንዲያገኙ ብላ የቡላ አጥሚት በማር፣ የዓሳ ሾርባና ጁስ ትሰጣቸዋለች፤ እምቢ ሲሉ ታለቅሳለች። አሁን ማዕድ መቅረብ ትተዋል፤ ብዙም አያወሩም። በሽታውን የጨጓራ ቁስለት ነው ብለን ነው የነገርናቸው። ግሉኮስ ብናስተክልላቸው ይሻል ይሆን? ጾም ሲገባስ ምን እናድርግ? የሚወስዱት መድኃኒት ኦሜፕራዞልና የአይረን ኪኒን ነው።

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ኪሎው ልንገርሽ። ጨጓራው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ መቀነሱ የተለመደ ነው። አባትሽ 15 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። ይህ ብቻውን በሽታው ተመለሰ ማለት አይደለም። ግን ከዚህ በታች እንዲወርዱ መፍቀድ የለብንም፤ በተለይ የኬሞቴራፒ ቀጠሮ ካላቸው ሰውነታቸው ሲመናመን ሕክምናውን መጨረስ ያቅታቸዋል።

ከጻፍሽው እንደምረዳው አባትሽ ምግብ ፈርተዋል። በበሉ ቁጥር ሰውነታቸው ይቀጣቸዋል፤ ስለዚህ መብላቱን ይሸሹታል፤ ሲሸሹ ቤተሰቡ ያስገድዳል፤ ሲገደዱ ማዕዱን ራሱን ይሸሻሉ። የምግቡና የዝምታው ጉዳይ አንድ ክር ነው፤ ክሩን መፍታት የሚጀመረው ከሳህኑ ነው።

ጨጓራ ምግብ ከመፍጨቱ ባሻገር ጎተራ ነበር። አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ይይዝና ለትንሹ አንጀት በጥቂት በጥቂቱ ይለቅለታል። አሁን የምግብ ቧንቧው በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ተቀጥሏል፤ ጎተራም በርም የለም። ጣፋጭና ቀጭን ነገር ሲጠጣ በአንድ ጊዜ አንጀት ውስጥ ይወርዳል። አንጀት ይህን ስኳር የበዛበት ውሃ ለማቅጠን ከደም ውስጥ ውሃ ይስባል፤ ያኔ ሆድ ይነፋል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ልብ ይመታል፣ ላብ ይመጣል፣ ተቅማጥ ይከተላል። ይህ ከበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ የሚመጣው ነው፤ ሐኪሞች ዳምፒንግ ይሉታል። ሁለተኛው መልኩ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይመጣል። ስኳሩ ወደ ደም በፍጥነት ስለገባ ቆሽት ከልክ ያለፈ ኢንሱሊን ይለቃል፤ የደም ስኳር ይወርድና እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ሰው ግራ ይጋባል። አባትሽ ሁለቱም አላቸው፤ የሁለቱም መነሻ ደግሞ ያ በፍቅር የተሠራው አጥሚት በማር ነው። ለእናትሽ ይህን ስትነግሪያቸው በቀስታ ይሁን፤ ማንም ሳይነግራቸው ሊያውቁት የሚችሉት ነገር አይደለም።

ስለዚህ ማር፣ ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥና ጁስ ለጊዜው ይቅሩ። ከጁስ ቤት የሚመጣው ስፕሪስ የፍሬ ነው ቢባልም ብዙ ጊዜ ሽሮፕ ስለሚጨመርበት ያው ነው። በቀን ሦስቴ የሚበላውን ወደ ስድስት ወይም ሰባት ከፋፍሉት፤ ሁለት ሁለት ሰዓት ተኩል ልዩነት ይኑረው። አንዱ ምግብ ከቡና ሲኒ ማስቀመጫ ሳህን አይብለጥ። ጊዜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሁን፤ እያንዳንዱ ጉርሻ እንደ ገንፎ እስኪሆን ይታኘክ፤ ከእንግዲህ ጨጓራ የሚፈጨውን የሚፈጨው ጥርሳቸው ነው። ጥርሳቸው የጎደለ ከሆነ የጥርስ ሐኪም ማየት የሕክምናው አካል ነው።

ውሃና ምግብ አይገናኙ። ከምግብ በፊትም በኋላም ግማሽ ሰዓት ይለያዩ፤ በመካከሉ ግን በቀን በድምሩ ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ቀስ እያሉ ይጠጡ። ብዙ ቤት ከእንጀራ ጋር ውሃ ማስከተል ልማድ ስለሆነ ይህ ምክር በቀላሉ ይረሳል፤ ማሰሮውን ከገበታው ላይ ማንሳት ይቀላል። ከበሉ በኋላ ማዞር ካለ በትራስ ተደግፈው ጋደም ይበሉ እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘርጉ፤ ሐሞቱ ወደ ጉሮሮ ይወጣልና። መንቀጥቀጡ ሲመጣ ሁለት ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ እንቁላል በዳቦ ወይም ሌላ ጠንከር ያለ ነገር ይከተል። ስኳር የሚፈቀደው ለዚህ ሰዓት ብቻ ነው። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ከተደጋገመ ሐኪማቸው የሚያዘው መድኃኒት አለ።

አሁን ስለ ቡላ። ቡላ ለሕሙምና ለአራስ የሚሰጥ የተከበረ ምግብ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ለአንጀት አይከብድም። ነገር ግን ስታርች ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ 100 ግራም የቡላ ዱቄት ውስጥ ያለው ፕሮቲን 1 ግራም አካባቢ ነው። ቆጮም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለአባትሽ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ለ56 ኪሎ ከ67 እስከ 84 ግራም ማለት ነው። ጉልበት ደግሞ 1,700 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ። ቡላውን መተው አያስፈልግም፤ አሠራሩን መቀየር ነው።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሞላ ያለ የቡላ ዱቄት በወንፊት ንፉና በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፤ በሙቅ ከበጠበጣችሁት ይጓጉላል። አንድ ብርጭቆ ወተት አፍልታችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩት። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን ማስተላለፍ ሲጀምር በስሏል። ያኔ አንድ የተመታ እንቁላል በቀጭኑ እያንጠባጠባችሁ ጨምሩና ሦስት ደቂቃ ያህል እየፈላ አማስሉት፤ እንቁላሉ ጥሬ መቅረት የለበትም። ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ በትንሽ ለብ ያለ ወተት የተበጠበጠ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ለጋ ቅቤና ቁንጥጫ ጨው ጨምሩ። በማንኪያ የሚበላ እንጂ በብርጭቆ የሚጠጣ አይሁን፤ ውፍረቱ ራሱ ሕክምና ነው፣ ወፍራም ነገር ወደ አንጀት ቀስ ብሎ ይወርዳልና። ግማሹ በአንድ ጊዜ ይበቃል። ወተት ሆድ የሚነፋቸው ከሆነ፣ ከእንዲህ ዓይነት ኦፕራሲዮን በኋላ ይህ ብዙ ሰው ላይ ይታያል፣ ቡላውን በውሃ ሥሩና ወተቱን በእርጎ ተኩት።

የዓሳ ሾርባውም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ሐዋሳ ላይ ተቀምጦ ዓሳ ማጣት አይቻልም፤ ዓሳም ከሁሉ የሚሻላቸው ሥጋ ነው። ነገር ግን መረቁ የሚያቀርበው ውሃ፣ ጨውና ጣዕም ነው፤ ፕሮቲኑ ያለው ሥጋው ውስጥ ነው። መረቅ ጠጥተው ሥጋው ለልጆች ከተሰጠ የሞሉት በውሃ ነው። የአጥንት መረቅም እንደዚያው። ፊሌቶ የተደረገ ቆሮሶ ግዙ፤ እሾህ መኖሩን በጣት እየዳሰሳችሁ አረጋግጡ፤ በትንሽ ዘይትና ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ ወይም በጥቂቱ፣ በደንብ አብስሉት። 80 ግራም የበሰለ ፊሌቶ፣ ማለትም ከአራት ጣት ስፋት ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ፣ 18 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል።

አንድ ቀን እንዴት እንደሚሞላ ላሳይሽ። ጠዋት 1 ሰዓት ሁለት እንቁላልና የተጠበሰ ዳቦ፤ 3 ሰዓት ተኩል ያ ቡላ፤ 6 ሰዓት ዓሳው በድንች ወይም የመዳፍ ያህል በሆነ እንጀራ፤ 8 ሰዓት ተኩል ግማሽ አቮካዶ በሎሚና ጨው፣ አጠገቡ ሁለት ሦስት ማንኪያ አይብ፤ 10 ሰዓት ተኩል ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ በተጠበሰ ዳቦ ላይ፤ ማታ 1 ሰዓት ምስር ክክ አልጫ በትንሽ እንጀራ፤ ከመተኛታቸው ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ አንድ ብርጭቆ እርጎ። ይህ ወደ 75 ግራም ፕሮቲን ይደርሳል። ጉልበቱን የሚሞላው ወጡ ላይ የሚጨመረው ዘይት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ነው፣ ቦታ ግን አይይዝም። ዳቦው የተጠበሰ ይሁን ያልኩት ትኩስ ዳቦ እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ የምግብ ቧንቧውና አንጀቱ የተቀጠሉበት መጋጠሚያ ላይ ስለሚቆም ነው። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ የጎመን አገዳ፣ ጭረት ያለው ማንጎና የብርቱካን ነጩ ቆዳ ይቅሩ፤ ሳይፈጩ ወርደው አንጀት ውስጥ ተቋጥረው መዝጋት ይችላሉ።

ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ጥሬ ዓሳ፣ ያልፈላ ወተት፦ ከእንግዲህ በፍጹም። ጀርም የሚገድለው የጨጓራ አሲድ የለም። አልኮልም በፍጥነት ወደ ደም ስለሚገባ ድሮ ምንም የማያደርጋቸው መጠን ይጥላቸዋል።

ስለ መድኃኒቶቹ አሳሳቢ ያልኩት ከዘረዘርሻቸው ውስጥ የጎደለው ነው፤ ቫይታሚን ቢ 12። ቢ 12ን ከምግብ ለመውሰድ የግድ የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር የሚያመነጨው ጨጓራ ነው። ጨጓራ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሰውነት ከሥጋም ከወተትም ቢ 12 መውሰድ አይችልም ማለት ይቻላል። ጉበት ውስጥ የተከማቸው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ስለሚያቆይ መጀመሪያ ምንም አይታወቅም፤ ከዚያ የእግር መደንዘዝ፣ መንገዳገድ፣ መርሳት፣ የደም ማነስ ይመጣል፤ የነርቭ ጉዳቱ ከቆየ ላይመለስ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ 1,000 ማይክሮግራም መርፌ፣ እንደ መርፌው ዓይነት በየወሩ ወይም በየሁለት ሦስት ወሩ፣ ዕድሜ ልክ። መርፌ በማይገኝበት ጊዜ 1,000 ማይክሮግራም የሆነ ኪኒን በየቀኑ መውሰድ ይቻላል፤ ተራ መልቲቫይታሚን ውስጥ ያለው መጠን ግን አይበቃም። በሚቀጥለው ቀጠሮ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይህ ይሁን።

አይረኑን ከሎሚ ወይም ብርቱካን ጋር ይውሰዱ፤ ከቡና፣ ሻይ፣ ወተትና ካልሲየም ሁለት ሰዓት ይራቅ። በስድስት ሳምንት አካባቢ ደማቸው ካልጨመረ በደም ሥር የሚሰጥ አይረን ይጠየቃል፤ የአይረን ዋናው መግቢያ የነበረው የአንጀት ክፍል በኦፕራሲዮኑ ምግብ እንዳያልፍበት ተደርጓልና። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም ያስፈልጋቸዋል፤ ያለ አሲድ የሚሻለው ካልሲየም ሲትሬት የሚባለው ነው። ኦሜፕራዞል የሚቀንሰው የጨጓራን አሲድ ነው፤ ጨጓራው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ደግሞ የሚቀነስ አሲድ የለም። በራሳችሁ አታቁሙት፤ ግን ለምን እንደሚወስዱት ሐኪሙን ጠይቂ። ሌሊት መራራ ቢጫ ፈሳሽ ጉሮሯቸው ድረስ የሚመጣ ከሆነ ያ ሐሞት ነው፤ የአልጋውን ራስጌ እግሮች በጡብ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉት። ትራስ መደራረብ ሆድን አጥፎ ያባብሰዋል።

ግሉኮስ ማስተከሉ እንዳያታልላችሁ። አንድ ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ 50 ግራም ስኳር የያዘ ውሃ ነው፤ የሚሰጠው 170 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ ፕሮቲን የለውም። ሁለት እንቁላልና ዳቦ ይበልጠዋል። አደጋም አለው። ለብዙ ቀን ሲያስመልሰው ወይም ሳይበላ የቆየ ሰው ቫይታሚን ቢ 1 ያልቅበታል፤ በዚህ ላይ ግሉኮስ ሲገባ የቀረችውን ጨርሶ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ዓይን ሁለት ሁለት ማየት፣ መንገዳገድና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ግሉኮስ ከመተከሉ በፊት ቢ 1 መወጋት አለበት፤ ክሊኒክ ከሄዳችሁ ጨጓራቸው መውጣቱን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾም አታስገድድም፤ ግን ይህን ከእናንተ ሳይሆን ከንስሐ አባታቸው አፍ ይስሙት። ከእናንተ ሲሰሙት ማባበል ይመስላቸዋል። ከሁሉ የሚጎዳቸው እስከ 9 ሰዓት ባዶ አንጀት መዋል ነው። የፍስክ ምግብ መብላት ሕሊናቸውን በጣም ከከበደው፣ ሰዓቱን ሳይጠብቁ ምስር፣ ሽሮ፣ ለውዝ፣ የተፈጨ ሰሊጥና አቮካዶ በሰባት ጊዜ ከፋፍሎ መብላት ከምንም ይሻላል፤ ፕሮቲኑን መሙላት ግን በጣም ይከብዳል።

አሁን ወደ ዝምታው። በመጀመሪያ ጉርሻው ይቁም። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ለዚህም ነው የማይመለሰው። መጠኑንም ፍጥነቱንም የሚወስነው የአጉራሹ እጅ ነው፤ አባትሽ ደግሞ የሚድኑት በራሳቸው መጠንና ፍጥነት ሲበሉ ብቻ ነው። ማብሰሉ፣ ሰዓቱ፣ ማቅረቡ የእናትሽ ይሁን፤ ምን ያህል እንደሚበሉ መወሰኑ የአባትሽ ይሁን። የተረፈ ሳህን ያለ ንግግር ይነሳ። እንባው እውነተኛ ነው፤ ግን ከማዕዱ ርቆ ይፍሰስ፣ እናትሽንም የሚያዳምጣቸው ሰው ያስፈልጋል። አባትሽ ማዕድ የሚሸሹት የሆዳቸው መጮህ፣ ድንገት ወደ ሽንት ቤት መሮጥ ስለሚያሳፍራቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ቤተሰቡ የሚመለሱበት በር ቡና ይሁን። ከምግብ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ቡና ሲፈላ ይቀመጡ፤ እዚያ ማንም ብላ የሚላቸው የለም፤ መጫወት ብቻ ነው። ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ ተቀብላችሁ «ከሱ፣ ጠቆሩ እንዳትሏቸው» በሉ፤ በሰማንያ ሰው ሲነገር መስታወት ነው የሚሆንባቸው።

«የጨጓራ ቁስለት ነው» ያላችኋቸው በርኅራኄ ነው። ሆኖም ቁስለት ነው የተባለ ሰው በአሥር ሳምንት ድኖ ወደ ሥራ መመለስ ይጠብቃል፤ ሳይሆን ሲቀር ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። ብዙ ጊዜም ሕሙማን ያውቃሉ፤ የሚዋሹት ላለማሳዘን ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም አንዱን ሲጠብቅ ማንም ከማንም ጋር አያወራም። በአንድ ጊዜ ሁሉን አፍረጥርጪ አልልሽም። የሚያምኑት ሰውና ሐኪማቸው ባሉበት «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ወይስ ከልጆችዎ ጋር ብንነጋገር ይመርጣሉ?» ተብለው ይጠየቁ። የሚመልሱት መልስ መጠኑን ይነግራችኋል። ቢያንስ ግን ጨጓራቸው ሙሉ በሙሉ እንደወጣና የሚሰማቸው ሁሉ ከዚያ የመጣ መሆኑን ዛሬውኑ ማወቅ አለባቸው። «ሰነፍኩ» ከሚለው ሐሳብ የሚያሳርፋቸው ይህ ነው።

ሐዘን ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ ይጠበቃል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ ይወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላቸው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ነቅተው ካደሩ፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ካበዙ፣ ይህ የሚታከም ድብርት ሊሆን ይችላል። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው በአማርኛ የተዘጋጀ መጠይቅ አለ፤ በአሥር ደቂቃ ይሞላል፤ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ባለበት ሆስፒታል ጠይቁ። መድኃኒት ከታዘዘ የትኛው የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ፣ የትኛው ሲነሱ እንደሚያዞር ጠይቁ፤ ለእሳቸው ልዩነቱ ትልቅ ነው። የደም ማነስና የቢ 12 እጥረትም ድብርት መስለው ይመጣሉና ምርመራው አብሮ ይሠራ። ስለ መሞት መፈለግ ከተናገሩ በዚያው ቀን ውሰዷቸው፤ ብቻቸውን አትተዋቸው።

ጡንቻ የሚመለሰው በምግብ ብቻ አይደለም። ማለዳ ፀሐዩ ሳይበረታ ፍቅር ሐይቅ ዳር አምስት ደቂቃ ሄደው አምስት ደቂቃ ይመለሱ፤ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ ግማሽ ሰዓት ይድረሱ። ኪሳቸው ውስጥ ሁለት ከረሜላ ይኑር፤ ለመንቀጥቀጡ። ከባድ ነገር የማንሳቱን ነገር ከቀዶ ሐኪማቸው ፈቃድ ሳያገኙ አይሞክሩት።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ሳይበሉ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ፣ በአንድ ሚዛን ይመዘኑ። መንገድ ዳር ያሉት ሚዛኖች እርስ በርስ ስለማይስማሙ ዛሬ አንዱ ጋ፣ በሚቀጥለው ሌላው ጋ መመዘን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። በደብተር ላይ ኪሎውን፣ የበሉበትን ሰዓትና ላቡ ወይም መንቀጥቀጡ የመጣበትን ሰዓት ጻፉ። በሁለት ሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ከወረዱ ቀጠሮ አትጠብቁ። ጠንካራ ምግብ መውረድ እምቢ ብሎ ቀስ በቀስ ፈሳሹም ከተቸገረ መጋጠሚያው ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ማስፋት ይቻላል፤ ስለዚህ «መብላት እምቢ አሉ» ብላችሁ አትለፉት። ሰገራቸው ነጣ ብሎ፣ ቅባት ኖሮት ከተንሳፈፈ ቅባቱ እየተፈጨ አይደለም፤ የቆሽት ኢንዛይም እንክብል ያስፈልግ ይሆናል። ሆዳቸው ተነፍቶ ፈስም ሰገራም ከቆመ፣ ቀኑን ሙሉ ካስመለሳቸው፣ ሙቀታቸው ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። አይረን ሰገራን ያጠቁራል፤ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና የሚገማ ጥቁር ግን ደም ነው።

የካንሰር ክትትላቸው ሪፈራል፣ ማለትም በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከሆነ ደብተሩንና የኦፕራሲዮን ማጠቃለያ ወረቀቱን ይዛችሁ ግቡ፤ ሌላም ቦታ ከሆነ እንዲሁ። ሽፈራውም ይሁን ጥቁር አዝሙድ ወይም ሌላ የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ስሙንና መጠኑን እዚያው ደብተር ላይ ጻፉት፤ ከኬሞው ጋር የሚጋጭ ካለ ሐኪሙ የሚያውቀው ሲነገረው ብቻ ነው።